በስድስተኛው መደብ ያልተበተነው ጨው

ውድ ማርሊስ፤

የዛሬ ሃያ ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመሽ አንድ ነገር ጠየቅሽኝ። ያኔ የሰጠሁሽ መልስ ውሸት ነበር። እውነተኛው መልስ «አልበተንኩም» ነው። በሁለት በጋ ውስጥ በስድስተኛው መደብ ላይ አስራ አንድ ጊዜ ጨው መበተን ሲገባኝ፣ አንድም ቀን አልበተንኩም። አንቺ የአፈር ናሙና ከረጢት አላቀያየርሽም። ቁጥርም አላዛባሽም። አፈሩ የነገረሽን ነው የጻፍሽው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ይህን ከሁሉ በፊት ያስቀደምኩት፣ ስሜን ፖስታው ላይ አይተሽ ንባቡን ከመንገድ ብታቋርጪው እንኳ ዋናው ነገር እንዳያመልጥሽ ብዬ ነው። የቀረውን ማንበብ አለማንበብ የአንቺ ፈንታ ነው።

እኔ አሁን ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ቤቱ ያው የምታውቂው ቤት ነው፤ ጣሪያው ብቻ ተቀይሯል። ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም የጫካው በር ቁልፍ እስከዚህ ጸደይ ድረስ እኔ ዘንድ ነበር። ለአፈር ጥናትሽ የመጣሽበትን ቀን ትናንት የሆነ ያህል አስታውሳለሁ። ግንቦት ነበር፣ ጥቁሯ ዝንብ የምትፈላበት ሰሞን። የፊት መከላከያዋ በሽቦ የታሰረ መኪና ይዘሽ መጣሽና «አቶ ኬስኪታሎ እርስዎ ነዎት?» አልሽኝ።

«አቶ ኬስኪታሎ አባቴ ነበር። እሱን ከፈለግሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተኝቷል። እኔ ኡርሆ ነኝ» አልኩሽ።

ስትስቂ ዝንቧ ጉሮሮሽ ገባች። እስክትታነቂ ድረስ ሳልሽ። «እንኳን ደህና መጣሽ፤ ምሳሽን ቀምሰሻል ማለት ነው» አልኩሽ። ከዚያች ቀን ጀምሮ «አንተ» ነበር የምትይኝ፤ ደስ ይለኝ ነበር። ሚስቴ ሌምፒ የጋገረችው ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲ ላይ ኬትቸፕ ስታፈሺበት ግን ልቤ ቆሞ ነበር። ሌምፒ «ተዋት እንጂ፣ የዊስኮንሲን ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ» ብላ አስታረቀችን።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሆኖም ዛሬ የማወራው ስለዚያ ሥራ ስለሆነ እንደገና ልናገረው። የምርምር ጣቢያውን ይመሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሃልቨርሰን ሲቀጥሩኝ እንዲህ ነበር ያሉኝ፦ «ከፋብሪካው፣ ከመኪናው፣ ከከብት እርባታው የሚወጣው ናይትሮጅን ሰማይ ይወጣና በዝናብና በበረዶ ተመልሶ ጫካው ላይ ይወርዳል። በየዓመቱም ይጨምራል። እኛ ገና ወደፊት የሚወርደውን ዛሬ በባልዲ እናመጣዋለን።» ጫካው ውስጥ ለሙከራ ከተከለሉት ስምንት መደቦች አራቱ ጨው ይበላሉ፣ አራቱ አይበሉም። ጨው የምንለው ያንን ናይትሮጅን ያለበትን ነጩን ጥራጥሬ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ስድስት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ መደብ አንድ ባልዲ ነው፤ ለጤነኛ ሰው ሸክም አይባልም።

ስድስት ዓመት ስበትነው የኖርኩት ጨው ምን እንደሚሠራ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። «ና፣ ተንበርከክ» አልሽኝ። «ጉልበቴ ያመኛል» ብልሽ «የእኔም ያመኛል፣ ተንበርከክ» አልሽኝ። ጨው በማይበላው መደብ ላይ ቅጠሉን ገለጥ ስታደርጊው ከሥሩ ጥቁር፣ ልል አፈር ነበር፤ ነጫጭ ክሮች እንደ ሸረሪት ድር ተጠላልፈውበታል። ጨው ወደሚበላው ወስደሽ ስትገልጪው ግን ያምናው ቅጠል አልበሰበሰም። ከሥሩ የካቻምናው ቅጠል አለ፣ ከሱም ሥር ሌላ።

«ቅጠሉን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩት ናቸው። የቅጠሉን አጥንት የሚፈጩት ፈንገሶች ናይትሮጅን ከላይ ሲጎርፍባቸው ሥራ ይፈታሉ። ብዙዎቹም ይጠፋሉ» አልሽኝ።

«የሌምፒ ወንድም እንደዚሁ ነው፤ ድጎማ ማግኘት ከጀመረ ወዲህ መጥረቢያ ነክቶ አያውቅም።»

«ዛፉ ደግሞ ሥሩ ላይ ለሚኖሩት ፈንገሶች ስኳር ይሰጣል፣ እነሱም ከአፈሩ ምግብ ፈልገው ያመጡለታል። አሁን ግን ምግቡ በነፃ እየወረደለት ለምን ይቀልባቸዋል? ያስርባቸዋል።»

«ምስኪኖች» አልኩ።

«ምስኪኑስ ዛፉ ነው። ድርቅ ሲመጣ ማን እንደሚደርስለት አላሰበበትም።»

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሌምፒ ታመመች። መታመሟን ታውቂ ነበር። የማታውቂው የቀረውን ነው። ሕክምናዋ ማርኬት ከተማ ነበር፣ መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት፤ በሳምንት ሦስት ቀን። የዓመት ፈቃዴ በሦስት ሳምንት አለቀ። የምትታከመው በእኔ ሥራ ኢንሹራንስ ነበር፤ ሥራው ከሄደ ኢንሹራንሱም አብሮ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ደግሞ ከሌላው ጣቢያ አንድ ሠራተኛ ሥራ አጓድለሃል ተብሎ ተሰናብቶ ነበር። ለሃልቨርሰን ብነግራቸው ምናልባት አንድ መላ ይፈልጉልኝ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። እኛ ቤት ግን ችግር አይወራም። አባቴ በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ ሲያመጡት እንኳ «ትንሽ ቆረጠመኝ» ነበር ያለው። እኔም አልነገርኳቸውም።

ጨው ከሚበሉት መደቦች ሦስቱ ከመንገዱ ቅርብ ናቸው። ጎህ ሲቀድ በትኜባቸው ሌምፒን ይዤ መውጣት እችል ነበር። ስድስተኛው ግን ከጅረቱ ማዶ ነው፤ ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። የመጀመሪያው ቀን «ነገ እሄዳለሁ» አልኩና መዝገቡ ላይ እንደበተንኩ አድርጌ ቀኑን ጽፌ ፈረምኩ። በማግስቱ ሌምፒ ሙሉ ቀን ስታስመልስ ዋለች። በሳምንቱ ባልዲውን ጫንኩና ሳይበተን መቅረቱ እንዳይታወቅብኝ ከድሮው ጠጠር ማውጫ ጉድጓድ ደፋሁት። ሁለተኛው ቀለለኝ። ከሦስተኛው በኋላ ስድስተኛው መደብ መኖሩንም እየረሳሁት መጣሁ።

አንቺ በዚያን ጊዜ ምን ታደርጊ እንደነበር ልንገርሽ? እሑድ እሑድ እየመጣሽ ሌምፒ አጠገብ ትቀመጪ ነበር። የጋዜጣውን የሙታን ገጽ ታነቢላት ነበር፣ ትወደው ስለነበር። «ይሄ ደግሞ በሰባ ሦስት ዓመቱ! ምን አስቸኮለው?» ትልሻለች፤ ሁለታችሁም ትስቃላችሁ። እኔ ማድ ቤት ቆሜ ዕቃ እያጠብኩ ሳቃችሁን እሰማ ነበር። የአንቺን ሥራ ከሥሩ እየቆረጥኩት እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ አልታሰበኝም። የጎደለው ጨው ብቻ መስሎኝ ነበር። አንቺ የዚያን አፈር እያንዳንዷን ማንኪያ እንደምትቆጥሪው ዘንግቼዋለሁ።

ሌምፒ በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ አረፈች። ቀብሯ ላይ ከእኔ አጠገብ ቆመሽ ነበር።

አንቺ ወደ ዕቃ ቤቱ የመጣሽው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። በረዶ ጀምሮ ነበር፤ አዳኞቹ ብርቱካናማ ቆባቸውን አጥልቀው በየመንገዱ ይታያሉ። እኔ ባልዲዎቹን እያጠብኩ ነበር። ወረቀት ይዘሻል፣ ዓይንሽ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።

«ኡርሆ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ጨው በበሉት በሦስቱ መደቦች ላይ ፈንገሱ ወርዷል፣ እንደጠበቅነው። ስድስተኛው ግን እየተነሣ ነው። ያልተነካውን መደብ ወደ መምሰል እየሄደ ነው። ሦስት ጊዜ ደግሜ ቆፈርኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኩሽ።

«ጨው በትነህበታል አይደል?»

«መዝገቡን እዪው።»

«የጠየቅሁት አንተን ነው እንጂ መዝገቡን አይደለም።»

ፊትሽ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነው ያየሁት። ያን ጊዜ ብነግርሽ ምን እሆን ነበር? ሌምፒ ሞታለች፣ ኢንሹራንሱም ከዚያ ወዲያ አያስፈልጋትም። ቢበዛ ሥራዬን ባጣ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለምን እንዳልነገርኩሽ ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ የማገኘው መልስ አንድ ነው። እነዚያ ሁለት በጋዎች ሚስቴን ያስታመምኩባቸው በጋዎች ሆነው እንዲቀሩልኝ ፈለግሁ። ከነገርኩሽ ያጭበረበርኩባቸው በጋዎች ሊሆኑብኝ ነው። ከእሷ የቀረኝ ሌላ ነገር አልነበረም።

«በትኛለሁ» አልኩሽ። አንቺም አመንሽኝ።

በሳምንቱ በጣቢያው አዳራሽ ስብሰባ ላይ የሆነውን አንቺው ታውቂዋለሽ፤ እኔ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ግን አታውቂም። ሃልቨርሰን መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ናሙናውና መዝገቡ ካልተስማሙ አንዱ ተሳስቷል። ኡርሆ በስምንት ዓመት አንድ ቀን አላጓደለም» አሉ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሰፈሩ «ሰዓቱ» እያለ ነበር የሚጠራኝ፤ በሰዓቱ የማልገኝበት ነገር ስለሌለ። እኔ የቡናዬን ኩባያ ውስጡን አየሁ።

አንቺ ቆመሽ «ከረጢት አላቀያየርኩም» አልሽ። «ታዲያ ማቀዝቀዣው ውስጥ ተደባልቆ ይሆናል» አለ አንዱ። «አልተደባለቀም።» «እንግዲህ ተአምር ነው!» አለ ሌላው፤ ሰው ሳቀ። የሁለት ዓመት ሥራሽ በሙሉ አይታመንም ተብሎ ወደቀ፤ በአንዱ ከተሳሳተች በሌላውስ ማን ያውቃል ተባለ። እኔ ከዚያ አዳራሽ ስወጣ ሁለት ሰዎች ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ «አይዞህ፣ አንተን ማንም አልጠረጠረም» አሉኝ።

ስትሄጂ ሳጥኖችሽን ወደ መኪናዋ ያመላለስኩልሽ እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ሳስገባ «ኡርሆ፣ እንደ አጭበርባሪ ያላየኸኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ» ብለሽ አቀፍሽኝ። እኔ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም። ምናልባት የፊንላንድ ሰው መተቃቀፍ አያውቅበትም ብለሽ ትተሽው ይሆናል። ያን እጅ ማውጣት ያልቻልኩት አፍሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ አይወራም። በሚቀጥለው ግንቦት ጅረቱን ተሻግሬ ስድስተኛው መደብ ላይ በተንኩ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ጊዜ አላጓደልኩም፤ በዝናብም፣ ትኩሳት ይዞኝም ሄጃለሁ። ያንሰራሩት ነጫጭ ክሮች እንደገና ሲሳሱ፣ ቅጠሉ በላይ በላዩ ሲነባበር በዓይኔ አየሁ። የሜፕሉ ዛፍ ዘር ቅጠሉ ላይ ይበቅልና ሥሩ አፈሩ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል።

ቅዳሜ የእንፋሎት መታጠቢያችንን ሳውናውን እንደ ድሮው ለሁለት ሰው በሚበቃ እንጨት አነድዳለሁ፤ ለአንድ ሰው ምን ያህል እንደሚበቃ ለክቼው አላውቅም። ከሰዎቹ ጋር ቡና መጠጣት ተውኩ። አንዱ «እንደ ኡርሆ ያለ እውነተኛ» ሲል አፌ ውስጥ ያለው ይመረኛል። ሰዎቹ ግን ኀዘኑ አልለቅ ያለኝ መስሏቸው ተዉኝ። ሌምፒንም ቢሆን እንደ ልቤ ላስባት አልቻልኩም፤ ባሰብኳት ቁጥር ከጎኗ ያ ባልዲ ይመጣል። ከሁሉ የከፋብኝ እሱ ነበር። ልጅ የለንም፤ ይህን ለማንም ሳልናገር ብሞት የሚያውቅ አልነበረም።

ሃልቨርሰን ጡረታ ወጥተው አሪዞና ውስጥ አረፉ። ከሦስት ዓመት በፊት በእሳቸው ቦታ ሬይና የምትባል ዶክተር መጣች። ቀልጣፋ ናት፣ ስታወራ ቆማ ነው። በዚህ ጸደይ አንድ ጠዋት ወደ ቤቴ መጥታ ማድ ቤት ገባችና ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ኡርሆ፣ እርስዎ የድሮውን ሰው ሁሉ ያውቃሉ። ማርሊስ ዶምቤክ ማን ናት?»

ስምሽን ሃያ ዓመት ሙሉ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለምን እንደጠየቀች ጠየቅኋት።

«ከትልቁ ማቀዝቀዣ ሥር ከረጢቶቿን አገኘሁ፤ እንዴት ያለ ንጹሕ አሠራር መሰለዎት! አሁን ከአንድ ማንኪያ አፈር ውስጥ ያሉትን ተሕዋስያን በሙሉ በየስማቸው ማንበብ እንችላለን። እሷ በማይክሮስኮፕና በትዕግሥት የደረሰችበት ሁሉ ልክ ነው። ከረጢት አቀያይራለች ተብሏል አሉ፤ ውሸት ነው። በስድስተኛው ከረጢት ውስጥ የሄምሎክ ዛፍ ሥር አለ፤ ሄምሎክ ያለበት ደግሞ ስድስተኛው መደብ ብቻ ነው። ሴትዮዋ አልተሳሳተችም። ታዲያ መደቡ ምን ሆኖ ነው?»

ጠረጴዛውን ይዤ ተቀመጥኩ። «ጨው አልተበተነበትም» አልኳት።

«እንዴት አልተበተነበትም? መዝገቡ እኮ...»

«መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ማርኬት፣ ስለ ጠጠሩ ጉድጓድ፣ ስለ ዕቃ ቤቱ በር። ስጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጣ አየኋት። ስለ ሚስቴ ስታዝንልኝ ከፊቷ አየሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ ያ ኀዘን ሲጠፋ አየሁ።

«ሃያ ዓመት!» አለች። «ሚስትህ ስትሞት፣ እሺ። በማግስቱስ? በዓመቱስ? ልጅቷ በሰው ፊት ስትሳቅባት ቡና እየጠጣህ ተቀመጥክ?» እርስዎ ስትለኝ የነበረችው ሴት አንተ አለችኝ። አልከፋኝም፤ የሚገባኝ እሱ ነበር። «በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ሰው ስንት ጥናት እንደጻፈ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ለእሷስ ነግረሃታል?»

«አልነገርኩም።»

«እንግዲያው እኔ ከመናገሬ በፊት አንተ ጻፍላት። በገዛ እጅህ።»

ቁልፉን ከምስማሩ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ወስዳው ሄደች። በሐምሌ ወር በዚያው አዳራሽ ቆሜ አስራ አራት ሰዎች ፊት ተናገርኩ፤ ከድሮዎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዷ ያን ቀን ከሳቁት መካከል ነበረች፣ ቀና ብላ አላየችኝም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ሱቅ ስገባ ባለሱቁ ቫይኖ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ሆኖ «ሰዓቱ ለካ ሃያ ዓመት ቆሞ ኖሯል!» አለኝ። የሳቀ አልነበረም። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። ቫይኖ ከበር ተከትሎኝ መጣና «አንተ፣ ሌምፒ ታውቅ ነበር?» አለኝ። «አታውቅም» አልኩት። «እሱስ ደግ ነው» ብሎ ተመለሰ።

በኋላ ሬይና አንድ ቀን መጣች። አሁንም አንተ ነው የምትለኝ፣ ቁጣው ግን ለዘብ ብሏል። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ የናይትሮጅኑ መዝነብ የቆመበት ብቸኛው ቦታ የእኔ ስድስተኛው መደብ ነው አለችኝ። አየሩ ቢጸዳ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ይመለሱ እንደሆነ፣ የትኞቹ ቀድመው እንደሚመለሱ፣ የትኞቹ እንደማይመለሱ ለማየት የሚረዳው ያንቺ ከረጢት ነው። «ሰው ሆን ብሎ ያላሰበው ሙከራ ነው። ያየችው ደግሞ እሷ ብቻ ናት» አለች። ጽሑፉ ሲወጣ ያንቺ ስም ከሁሉ ይቀድማል፣ አንቺ ከፈቀድሽ። የፈረምኩበትን የእምነት ቃል ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ዋሽታለች ብሎ ያመነ ሰው ካለ አሳዪው።

ይቅር በዪኝ ብዬ አልጠይቅሽም። ልመና ደግሞ ሌላ ሥራ ሊያበዛብሽ ነው፤ በእኔ ምክንያት የበዛብሽ ይበቃል። በድዬሻለሁ። በድዬሽ ደግሞ እንድታመሰግኚኝ ፈቅጃለሁ፤ እሱ ይብሳል። አንቺ ስትሄጂ ሃያ ሰባት ዓመትሽ ነበር። ያን ዕድሜ የሚመልስልሽ የለም፤ ያንን አውቃለሁ። አሁን የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደምትሠሪ ሰማሁ። ሥራውን ትወጂው ይሆናል፣ ወደ አፈር መመለስም አትፈልጊ ይሆናል። እኔ በዚህ አልገባም።

አንድ ነገር ብቻ። ሬይና በሚመጣው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ትደውልልሻለች። ቁጥሩ ከዚህ ከእኛ አገር ስለሚሆን እኔ የደወልኩ ሊመስልሽ ይችላል። እኔ አልደውልም፤ ወደፊትም አልደውልም። ስልኩን አንሺው፣ ማርሊስ። እሷ ናት።

ኡርሆ ኬስኪታሎ
ጨው በታኝ የነበረው